የምሳሌው ቀን ወደ ልጁ ካርድ አይገልበጥ

ስለ ካርድ አሞላል ስንማር የሚታደለውን የናሙና ቅጽ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በትውልድ ቀን ቦታ ላይ 01/01 ተብሎ ይጻፋል። ይህ አጻጻፉን ለማሳየት የገባ ቀን እንጂ የማንም ልደት አይደለም። ችግሩ እውነተኛ ቀን መምሰሉ ነው። እናት «ፋሲካ ሰሞን ነው የወለድኩት፣ ቀኑን እንጃ» ስትል፣ ሰልፉ የረዘመበት መዝጋቢ ያንኑ 01/01 ይገለብጣል። ቀናቸው ያልታወቀ ብዙ ስደተኞች ጃንዋሪ 1 እየተባሉ ስለሚመዘገቡ የሚጠራጠርም የለም።

ለአዋቂ ሰው ጥቂት ወራት ብዙ ለውጥ አያመጡም። ሕፃን ግን ሌላ ነው። ሚያዝያ 23 (ሜይ 1) የተወለደች ልጅ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 1 ተብላ ብትመዘገብ፣ ኦክቶበር 1 ላይ በካርዷ 9 ወር ይሞላታል፤ የ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባትም ይሰጣታል። እውነተኛ ዕድሜዋ ግን 5 ወር ነው። በማኅፀን ሳለች ከእናቷ ያገኘችው መከላከያ ገና ከደሟ ስላልጠፋ ክትባቱ በሚገባ ላይሠራ ይችላል። ካርዱ ግን «ተከትባለች» ስለሚል በ9 ወሯ የሚጠራት አይኖርም። ሚዛን ላይ ስትወጣም ክብደቷ ለዕድሜዋ ያነሰ ይመስላል፤ እናቲቱም ያለ ጥፋቷ «አላበላሻትም» ትባላለች።

ሌላም ስህተት አለ። የካቲትን «ፌብሩዋሪ» ብሎ ቁጥሩን እንዳለ ማስፈር። የካቲት 30 ማለት ማርች 9 ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን በዓለም ላይ የለም። ጳጉሜ 3 ደግሞ ሴፕቴምበር 8 ነው።

ታዲያ ለናሙና ቅጽ የሚሻለው ይኸው የሌለ ቀን ይመስለናል። 30/02 ተብሎ ቢጻፍ፣ የገለበጠውን ሰው ማንም በአንድ እይታ ይደርስበታል። አሰልጣኞች ብታስቡበት መልካም ነው።

ቀኑ ሲጠፋ በትዕግሥት ጠይቁ። ከመስቀል በፊት ነው በኋላ? ጥምቀት ሲደርስ ልጁ ይቀመጥ ነበር? ጎረቤት አብራ የወለደች አለች? የእርሷ ልጅ ካርድ ይታይ። ረመዳን ከተባለ ዓመቱን አጣሩ፤ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣልና። ወሩ ብቻ ከታወቀ በወሩ 15ኛ ቀን መዝግቡና አጠገቡ «ግምት» ብላችሁ ጻፉበት፤ እናትየው ሌላ ቀን አስታውሳ ስትመጣ ነርሷ ያለ ክርክር ታስተካክለዋለች።