ልጆች ከባልንጀሮቻቸው ጋር መጫወትን ይማሩ

ንባብ፦ ዘካ. 8፥4-5፤ ማቴ. 11፥16-17፤ ማር. 10፥13-16

በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው ጉዳይ በብዙዎች ዘንድ እንደ ቀላል ነገር ይታያል። ይኸውም አንድ ሕፃን ወደ ሌሎች ልጆች ጨዋታ እንዴት እንደሚገባ ነው። ነገር ግን ነቢዩ ዘካርያስ የኢየሩሳሌምን መልሶ መታነጽ ሲናገር ካነሣቸው የሰላም ምልክቶች አንዱ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ይዘው በሚቀመጡበት አደባባይ ልጆች ይጫወታሉ። ጌታችንም በገበያ ተቀምጠው የሚጠራሩትን ልጆች አስተውሎ ምሳሌ አድርጓቸዋል። እርሱ ያላቃለለውን እኛም ልናቃልለው አይገባንም።

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ ትምህርት ሲያልቅ ግቢው በልጆች ይሞላል። ገሚሶቹ ሰኞ ማክሰኞ ይዘላሉ፤ ገሚሶቹ የካልሲ ኳስ ይራገጣሉ። ከአጥሩ ሥር ግን ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ቆሞ ይመለከታል። ምናልባት ከገጠር ለትምህርት ወደ ዘመድ ቤት የመጣ፣ ኦሮምኛ ብቻ የሚያውቅ ነው፤ ወይም ወላጆቿ በሥራ ተዛውረው የመጡ፣ አማርኛ ብቻ የምትናገር ናት። «አጫውቱኝ» ሲል «ሞልቷል» ይሉታል። እኛም «ዓይን አፋር ነው፣ ተፈጥሮው ነው» ብለን እናልፋለን። በክፍል ስለ ፍቅር ተምሮ በግቢው ፍቅርን ያጣ ልጅ ግን ትምህርታችንን እንዴት ያምነዋል?

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሚልድረድ ፓርተን እ.ኤ.አ. በ1932 ባወጣችው ጥናት የሕፃናትን ጨዋታ በስድስት ዓይነት ከፍላለች። ዳር ቆሞ መመልከትም ከስድስቱ አንዱ ነው። ከእርሷ በኋላ የተጠኑ ጥናቶችም ጨዋታውን አይቶ፣ ሌሎቹ የሚሠሩትን እየሠራ የሚገባ ልጅ ጨዋታ ከሚያቋርጥና ስለ ራሱ ብቻ ከሚያወራ ልጅ ይልቅ ተቀባይነት እንደሚያገኝ አሳይተዋል። እንግዲህ ጨዋታ መግባት ትምህርት ነው፤ ሊማሩትም ይቻላል።

ሀ/ ለሚገባው ልጅ የምናስተምረው

1. በመጀመሪያ ይመልከት። ጨዋታው ምንድን ነው? ሕጉ እንዴት ነው? ተራው የማን ነው?

2. የጎደለውን ይፈልግ። ገመድ የሚያዞር፣ የወጣ ኳስ የሚያመጣ፣ በረኛ የሚሆን ሁልጊዜ ይፈለጋል። «አጫውቱኝ» ብሎ ከመለመን «እኔ በረኛ ልሁን» ማለት ይሻላል።

3. ገና ሲገባ ሕግ አይለውጥ፤ ተራውንም ይጠብቅ።

4. እንቢ ቢሉት አያኩርፍ። ያኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል ይባላልና፣ ወደ ሌላ ጨዋታ ይሂድ ወይም ብቻውን የቆመ ሌላ ልጅ ይፈልግ።

ለ/ ለሚጫወቱት ልጆች የምናስተምረው

ሸክሙን ሁሉ በእንግዳው ልጅ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በር የሚከፈተው ከውስጥም ጭምር ነውና። የገና ጨዋታን እንመልከት፤ በኦሮምኛ ቂሌ የሚባለው ነው። ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ሆነው ሩሯን በቆልማማ ዱላ ይመታሉ፤ እንደ እግር ኳስ አሥራ አንድ ብቻ የሚል ወሰን ስለሌለው ዘግይቶ የመጣም ወደ አንዱ ወገን ይገባል። አባቶቻችን «ሞልቷል» የማይባልበት ጨዋታ አውርሰውናል ማለት ነው። በቺካጎ የሕፃናት መምህርት የነበረችው ቪቪያን ፔሊም በክፍሏ ማንም ልጅ ሌላውን ከጨዋታ እንዳይከለክል ደንብ አውጥታ፣ ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1992 በመጽሐፍ አሳትማለች። እኛም ይህን ደንብ በየክፍላችን ልናደርገው እንችላለን።

ሐ/ ለመምህራንና ለታላላቆች

ልጁን ጎትተን መሐል አንጣለው፤ ያፍራልና። ይልቅስ አብረነው ገብተን ጥቂት እንጫወትና ቀስ ብለን እንውጣ። ቡድን ስንከፍል ሁለት አለቆች ልጆችን እየመረጡ አይውሰዱ፤ መጨረሻ የሚቀረው ያው አንድ ልጅ ነውና። በተርታ አቁመን «አንድ፣ ሁለት» እያልን እንክፈላቸው። ገመድ ሲዘለል አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ «ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ» እየተባለ ይቆጠር። እንቆቅልሽ ስንጫወትም በኦሮምኛው ሂቦ እናፈራርቀው። ያን ጊዜ በአንዱ ቋንቋ ዝም ብሎ የነበረው ልጅ በሌላው አስተማሪ ይሆናል።

በመጨረሻም፣ ሕፃናትን ወደ ጌታ ሲያመጡ የከለከሏቸው ጠላቶች እንዳልነበሩ እናስታውስ፤ ደቀ መዛሙርቱ ነበሩ። ጌታ ግን ተቆጥቶ ሕፃናቱን ወደ እርሱ ጠራ፤ አቅፎም ባረካቸው። ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ከትምህርት በኋላ ወደ አጥሩ ሥር እንመልከት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በክፍላችን ከጨዋታ የሚቀረው ማን ነው? ለምን?
2. በሰፈራችን ብዙ ልጆች ሊገቡባቸው የሚችሉ ጨዋታዎች የትኞቹ ናቸው?
3. «ሞልቷል» ከማለት ይልቅ ምን ማለት እንችላለን?

እግዚአብሔር ሁላችንንም ይባርከን። አሜን።