በፒክ አፕ መኪና ላይ ከፍ ያለ ጎማ ስለ መግጠም፤ በተለይ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ መንገድ

ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚነግድ ሰው የሚያጓጉዘው ዕቃ ብዙ ነው። ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቆርቆሮና ምስማር ወደ አገሩ ይገባል፤ ድንች፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላና ቆዳ ከአገሩ ይወጣል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፣ በደርግ ዘመን በቻይና መንግሥት ርዳታ የተሠራው መንገድ የዚህ ንግድ አውራ ጎዳና ነው። ትልልቁ የጭነት መኪና በዚህ ላይ ይመላለሳል። ይሁን እንጂ ከአውራው መንገድ ወደ ደቡብ ወርዶ ወደ ዐርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ፣ ከነዚህም ወደ ውስጥ ወዳሉት ቀበሌዎች ለመድረስ ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ፒክ አፕ ነው። ይህ መኪና በክረምት የዋልካ ጭቃ፣ በበጋ ስለታም ድንጋይ ስለሚገጥመው፣ ሆዱ ከመሬት ራቅ እንዲልለት ባለቤቱ ትልቅ ጎማ ይመኛል። ምኞቱ የተገባ ነው፤ ነገሩ የሚበላሸው በአገጣጠሙ ላይ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በጋፋት የተሠራውን ታላቁን መድፍ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲወስዱ፣ መንገዱን ለመንኰራኵሩ እየጠረጉና እየደለደሉ እንደ ሄዱ ታሪክ ይነግረናል። የዛሬው ባለ መኪና ግን መንገዱን ለመንኰራኵሩ ማስተካከል ስለማይቻለው፣ መንኰራኵሩን ለመንገዱና ለመኪናው ማስማማት ግዴታው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ በጎማው ጎን የተጻፈውን ቍጥር ማንበብ ያስፈልጋል። ለምሳሌ በብዙ የቶዮታ ሃይሉክስ መኪናዎች ላይ ከሚገኙት መጠኖች አንዱ 265/65 አር 17 ነው። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 65 ማለት የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። በዚህ ስሌት የጎማው ጠቅላላ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚያው ቸርኬ ላይ 265/70 ቢገጠም ቁመቱ 803፣ 285/70 ቢገጠም 831 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ የመጀመሪያው ለውጥ 3 በመቶ ተኩል ገደማ፣ ሁለተኛው 7 በመቶ ነው። መኪናው ከመሬት የሚነሣው ግን በቁመቱ ጭማሪ ግማሽ ብቻ ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያው 13፣ በሁለተኛው 27 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ያገኘው ከፍታ ከአንድ ወይም ከሁለት ጣት እንደማይበልጥ አስቀድሞ የሚያውቅ ገዢ ጥቂት ነው።

ጎማው የሚነካበት ስፍራ በአንድ ዐይነት ሁኔታ አይገኝም። ቆሞ የታየ መኪና ምንም ሳይነካ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ የፊቱ ጎማ የፓራፋንጎውን የኋላ ጠርዝ፣ የጭቃ መከላከያውን ላስቲክ ወይም የፊቱን መከላከያ ጥግ ይነካል። ስፋቱ የጨመረ ከሆነ ደግሞ በውስጥ በኩል ሻንሲውን ወይም ጎማውን የሚይዘውን የላይኛውን ክንድ ይፍቃል። በኋላ በኩል ባሌስትራው አጠገብ ያለው ክፍት ቦታ ይጠባል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጭነትና ጉድጓድ አንድ ላይ ሲገናኙ ነው፤ ባዶውን መኪና በከተማ የፈተነ ሰው ይህን አያየውም። ድንች በጆንያ የተጫነ መኪና ከነፋስ መውጫ ደጋ ወደ በሽሎ ሸለቆ ወገን ሲወርድ፣ በየመጠምዘዣው መሪው ይታጠፋል፤ ክብደቱ ወደ ፊት ይጫናል፤ ሞላው ይታመቃል። ብረት የሚፍቀው የጎማ ጎን እያደር ይሳሳል። ጉዳቱም በውስጥ በኩል ስለሆነ ሾፌሩ አያየውም፤ የሚያውቀው ጎማው በገደል አፋፍ ላይ በፈነዳ ጊዜ ነው።

ለዚህ መድኃኒት ተብለው የሚነገሩት ነገሮች ሁሉ እኩል አይደሉም። ብዙ ሰው መኪናውን በሞላና በባሌስትራ ከፍ ማድረግ ይበቃል ብሎ ያምናል። እውነት ነው፤ መኪናው ሲቆም በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ቦታ ይሰፋል። ነገር ግን ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲታመቅ ጎማው የሚደርስበት ከፍታ የሚወሰነው በማቆሚያው ላስቲክ ነው እንጂ በሞላው ርዝመት አይደለም። ማቆሚያው እንደ ነበረ ከሆነ ጎማው ድሮ በደረሰበት ይደርሳል፤ ይነካልም። በዚያ ላይ ከፍ ብሎ የተጫነ መኪና በመጠምዘዣ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል።

ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀለበት መጨመር ወይም ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ መግዛትም የተለመደ ነው። በቸርኬው ላይ ኢ.ቲ. ተብሎ የሚጻፈው ቍጥር ይህን ያመለክታል፤ ከ30 ወደ 10 ቢወርድ፣ ስፋቱ እኩል የሆነ ቸርኬ 20 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። በውስጥ በኩል ያለው መፋቅ ይቀራል፤ ሆኖም ጎማው ሲጠመዘዝ ሰፋ ያለ ክብ ስለሚሠራ በውጭ በኩል ፓራፋንጎውን ያገኘዋል፤ ኩሽኔታውም ያለ ልኩ ይሸከማል። በአንዳንድ መኪና ላይ የመሪውን ማቆሚያ ቡሎን በማስረዘም የመጠምዘዣውን ልክ መቀነስ ይቻላል። ይህ በሜዳ አገር ጥሩ ዘዴ ነው፤ በጠባብ የቁልቁለት መታጠፊያ ላይ ግን በአንድ ጊዜ ይዞር የነበረውን መኪና ወደ ኋላ እያስመለሰ በገደል ጫፍ ላይ ስለሚያቆመው በስማዳ በኩል ለሚሠራ ሰው አይመከርም። የፕላስቲኩን ሽፋን ጥቂት መቍረጥ ጉዳት የለውም። ጋቢናው ከሻንሲው ጋር የሚያያዝበትን ብረት መቍረጥ ግን ማንም ባለ ሙያ ቢፈቅደው የሚቀበሉት ነገር አይደለም።

ፈተናው ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። የጎማውን ትከሻና ጎን በኖራ ወይም በጠመኔ መቀባት፤ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አጥፎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ ብሎ መንዳት፤ ቀጥሎም አንዱን የፊት ጎማ በማይንሸራተት ጠንካራ ጉብታ ላይ አውጥቶ ያንኑ መድገም። ከዚህ በኋላ መኪናው ዘወትር የሚጭነውን ያህል ተጭኖ ፈተናው እንደ አዲስ ይጀመራል። ኖራው የተፋቀበት ቦታ ጎማው የነካበት ነው። ምንም ባይነካም የቀረው ክፍተት ከሁለት ጣት ያነሰ ከሆነ ለክረምት አይበቃም፤ የእስቴ ጥቁር ጭቃ ጠጠር ይዞ በዚያ ክፍተት ውስጥ ሲጠቀጠቅ እንደ ሞረድ ይሠራልና።

ሞተሩም ለውጡን ያውቀዋል። ቁመቱ 7 በመቶ የጨመረ ጎማ የመጐተቱን ኃይል በዚያው ልክ ያሳንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከኃይሉ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ስለሚያጣ፣ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋው የጋይንት ደጋ ላይ ጉድለቱ ይደራረባል። የፍጥነት መለኪያው 60 ሲያሳይ መኪናው የሚሄደው 64 ነው። በኪሎ ሜትር ሒሳብ መኪናውን የሚያከራይ ነጋዴ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ተሄዶ መለኪያው 93 ብቻ ሲመዘግብ፣ የ7 ኪሎ ሜትር ዋጋ ሳያውቀው ይቀርበታል።

አስመጪና ባለ ሱቅ ዕቃውን ሲያዝዙ ከስፋቱና ከቁመቱ ቀጥሎ የተጻፈውን የጭነት ቍጥር ሊመለከቱ ይገባል። 112 ማለት አንዱ ጎማ 1120 ኪሎ፣ 121 ማለት 1450 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ትልቅ ስለሆነ ብቻ ብዙ የሚሸከም የሚመስል፣ ነገር ግን የጭነት ቍጥሩ ከመኪናው የመጀመሪያ ጎማ ያነሰ ጎማ በገበያ ይገኛል። በጎኑ ላይ በአራት አኃዝ የታተመው የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው፤ 2319 የሚል በፈረንጆች 2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሾፌሮች አወደሱት ተብሎ በብዛት የመጣ 285/70 ጎማ ያለ ልዩ ሥራ የሚቀበለው መኪና ጥቂት ስለሆነ ገንዘብ አስሮ ይቀመጣል። ተገጥሞ፣ ተፍቆ የተመለሰውንም እንደ አዲስ መሸጥ አይቻልም።

ስለ ስኮርታ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከጭነቱ ሥር የሚንጠለጠለው ትርፍ ጎማ ትልቁ መጠን ላይገባለት ይችላል፤ አሮጌው መጠን ከቀረ ደግሞ፣ በመንገድ ላይ ሲቀየር አራቱ ጎማዎች እኩል ስለማይሆኑ በደረቅ መንገድ በአራቱም ጎማ መንዳት ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ይጎዳል። አራት ጎማ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ፣ ባለ ሱቁ የአምስተኛውን ዋጋ ጨምሮ ቢነግረውና የመስቀያውን ልክ በሜትር ለክቶ ቢያሳየው፣ ደንበኛው ከዐርብ ገበያ ወይም ከወገዳ ለአንድ ጎማ ብሎ እንደ ገና አይመለስም።