የተጠመቅንባት ዕለት



በመካነ ሰላም ገበያም ሆነ በቦረናና በሳይንት ደጋ አንድን ሽማግሌ «መቼ ተወለዱ?» ብለን ብንጠይቃቸው ዓመተ ምሕረቱን ይጠራጠሩ ይሆናል። «የክርስትና ስምዎስ?» ስንላቸው ግን ሳያመነቱ «ወልደ ሚካኤል» ይሉናል። ስሙ በልብ ጸንቶ ቀርቷል፤ ስሙ የተሰጠባት ዕለት ግን ከብዙዎቻችን ጠፍታለች። የዛሬው ትምህርታችን ስለ እርስዋ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ በምዕራፍ 6 እንደሚያስተምረን በጥምቀት ከክርስቶስ ጋር ሞተናል፥ ተቀብረናል፥ በአዲስ ሕይወት እንድንመላለስም ተነሥተናል። በምሥራቃውያን ሥርዓት ደግሞ ሕፃኑ ከጥምቀቱ ጋር ቅዱስ ሜሮንን ይቀባል፥ ሥጋውንና ደሙንም ይቀበላል፤ ስለዚህ አንዲቱ ዕለት የሦስት ምሥጢራት መታሰቢያ ናት። ይህ ሁሉ ሲደረግልን ግን አንዳች ቃል አልተናገርንም። ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን የካደልን፥ ወደ ምሥራቅም ዞሮ እምነታችንን የመሰከረልን የክርስትና አባታችን ነው፤ ለሴት ልጅም የክርስትና እናትዋ። ያልሠራንበትን ስጦታ ተቀብለናልና ከምስጋና በቀር የምንመልሰው የለንም። ከዐሥሩ ለምጻሞች ሊያመሰግን የተመለሰው አንዱ ብቻ እንደ ነበረ እናስታውስ (ሉቃ. 17፥11-19)። ዘጠኙም ተፈውሰው ነበር፤ ጉድለታቸው መርሳት ነበረ።

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በጁን 1979 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳትነት ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ቫዶቪትሰ በሄዱ ጊዜ፥ በጁን 20 ቀን 1920 የተጠመቁበትን የጥምቀት ገንዳ ተንበርክከው ተሳለሙ። በ2017 ዓ.ም. ያረፉት ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 ባደረጉት ትምህርት የተሰበሰበውን ሕዝብ የተጠመቀበትን ቀን ያውቅ እንደ ሆነ ጠይቀው፥ የማያውቅ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቤተ ሰቡን እንዲጠይቅ የቤት ሥራ ሰጥተውት ነበር። በቀጣዩ ዓመት የባሕር ዳር ደሴን ሀገረ ስብከት ያቋቋሙልን እኒሁ አባት ናቸውና የቤት ሥራው ለእኛም እንደ ተሰጠ እንቍጠረው።

ቀኑን እንዴት እናገኘዋለን? ፊተኛው ምስክር በተጠመቅንበት ቤተ ክርስቲያን ያለው የጥምቀት መዝገብ ነው። መዝገቡ ባይገኝ እናቶችን እንጠይቅ፤ እናት ቍጥሩን ብትረሳ ታቦቱን አትረሳም። ወንድ በአርባ፥ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉና የተወለዱበት በዓል ከታወቀ ሒሳቡ ቀላል ነው። ለምሳሌ በኅዳር ሚካኤል የተወለደ ወንድ ልጅ፥ የልደቱን ቀን አንድ ብለን ብንቈጥር፥ አርባው የሚሞላው ታኅሣሥ 21 በማርያም ዕለት ነው፤ በዚያው ቀን የተወለደች ሴት ልጅ ደግሞ ሰማንያዋ የካቲት 1 በልደታ ይሞላል። እርግጥ ካህን በቅርብ በማይገኝበት አገር ጥምቀቱ ሊዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ ከጣት ቍጥር ይልቅ መዝገቡና የክርስትና አባት ቃል ይቀድማሉ። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ብንጠይቅ መልካም ነው።

በከተሞቻችን ለልደት ቀን ኬክ መቍረስ እየተለመደ መጥቷል፤ አንነቅፈውም። የጥምቀት ዕለት ግን ብዙ ወጪ አትጠይቅም። ማለዳ ቅዳሴ ካለ ማስቀደስ፥ ከሌለም ቤተ ሰቡ ሻማ አብርቶ ጸሎተ ሃይማኖትን በአንድነት ማድረስ፥ ማዕተቡ የተበጠሰበትም አዲስ ማሰር፥ ከዚያም ዳቦ ቈርሶ ቡና ማፍላት ይበቃል። በወሎ ቡና ለብቻ አይጠጣምና ሙስሊሙ ጎረቤታችንም መጥቶ ይመርቀናል። የክርስትና አባትና እናት በሕይወት ካሉ በዚያን ዕለት ሄዶ መጠየቅ፥ ካረፉም ለነፍሳቸው መጸለይ ተገቢ ነው። ብዙዎቻችን አበ ልጅን የምናስበው ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል። ደግሞም ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በዚህች ዕለት የጥምቀቱን ቃል ኪዳን ለሚያድስ ምእመን ሙሉ የቅጣት ሥርየት ትሰጣለች፤ ይኸውም ንስሐ ገብቶ፥ ቅዱስ ቍርባን ተቀብሎ፥ ከኃጢአት ፍቅር ሁሉ ርቆ፥ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም አሳብ ሲጸልይ ነው።

አንድ ነገር ልንሰውር አንወድም። በዚህ ደጋ ካቶሊካውያን ጥቂቶች ናቸው፤ በአንድ ቤት ባል በኦርቶዶክስ፥ ሚስት በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቁ ሊሆኑ ይችላሉ። «የእኔ ጥምቀት ይቈጠራልን?» ብሎ በልቡ የሚጠይቅ አለ። አዎን፥ ይቈጠራል፤ በጸሎተ ሃይማኖት የምንመሰክረው አንዲት ጥምቀትን ነውና። ከዓባይ ማዶ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ የተወለደው ብፁዕ ገብረ ሚካኤል ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተባበረው እ.ኤ.አ. በ1844 ቢሆንም ክርስቲያን የሆነው ያን ጊዜ አልነበረም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ነበረ እንጂ። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቤት ሁለቱም ዕለታት፥ የእርሱም የእርስዋም፥ በእኩል ክብር ይታሰቡ። ልጆቹም የአባታቸውን የክርስትና ስም ከእናታቸው ስም ጋር ይወቁ።

ብዙ ደክሞ ፈልጎ ዕለቱን ያጣ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር አይዘን። ጥር 11 ቀን የጌታችንን ጥምቀት ስናከብር የራሱንም ያስባት። በትንሣኤ ሌሊት ቃል ኪዳኑን የሚያድስም ያንኑ ሥርየት ያገኛልና፥ ሻማውን ይዞ ከምእመናን ጋር ይቁም።