መጀመሪያ አንገቱን

ቆይ እህት ዓለሜ፣ ያን ትራፓን አስቀምጪው። የአካሉ ቀለም ልብሽን እንደወሰደው ይገባኛል፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ክፍሎችን ለየብቻ ገዝቶ ለመግጠም የሚነሳ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። እጅሽ የሚውለው ግን አንገቱ ላይ ነው። ከአንገቱ ጀምሪና ሌላውን ሁሉ ለእሱ እንዲስማማ አድርገሽ ምረጪ።

ክፍሎችን ለየብቻ ገዝቶ መግጠም የተቻለው ጊታር ሠሪው ሊዮ ፌንደር አንገቱን በሙጫ ከማጣበቅ ይልቅ በብሎን ስላሰረው ነው። የሌስ ፖል ጊታር አንገት ግን በሙጫ የተያያዘ ስለሆነ እንዲህ በካቻቪቴ አይፈታም። ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን እ.ኤ.አ. በ1970 ናሽቪል ከገዛቸው አሮጌ የፌንደር ስትራቶካስተሮች ውስጥ የሦስቱን ምርጥ ክፍሎች አንድ ላይ አድርጎ ነው ‹ብላኪ› የተባለችውን ጊታሩን የሠራት። ለዓመታት ዋና ጊታሩ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ጨረታ ላይ 959,500 ዶላር አወጣች። የተገጣጠመ ጊታር ከፋብሪካው ያንሳል የሚልሽ ካለ አትስሚው።

አንገት ስትመርጪ የእንጨቱን ዓይነት ብቻ ጠይቀሽ አትመለሺ። ፍሬቶቹ ያሉበት ገጽ ምን ያህል እንደጎበጠም ጠይቂ። የድሮዎቹ ፌንደሮች ራዲየሳቸው 7.25 ኢንች ነው፤ ኮርድ ለመያዝ ደስ ይላል፣ ግን ክሮቹ ዝቅ ተደርገው ከተስተካከሉ፣ ላይ ወጥተሽ ክር ስትገፊ ድምፁ ታፍኖ ይቀራል። አንቺ ደግሞ ትዝታ ስትጫወቺ አንዱን ኖታ ገፍተሽ ሌላው ላይ ማድረስ ትወጃለሽ። ላንቺ 9.5 ይሻላል፣ 12 ቢሆን ደግሞ እሰየው።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። አንገቱና አካሉ ሁለቱም ‹ስትራት› (ስትራቶካስተር) ተብለው ስለተሸጡ ብቻ ይገጥማሉ ብለሽ አትመኚ። የአንገቱን ግርጌና አካሉ ላይ የሚገባበትን ጉድጓድ በካሊፐር ለኪ፤ ሁለቱም ወደ 56 ሚሊሜትር መሆን አለባቸው። ብሪጁም እንደዚያው ነው። በድሮው ዓይነት ከዳር ክር እስከ ዳር ክር 56 ሚሊሜትር ግድም ነው፣ በአዲሱ 52። ጠባብ አንገት ላይ ሰፊውን ከገጠምሽ ቀጭኑ ክር ከጠርዙ እየተንሸራተተ ያስቸግርሻል።

ቀዳዳ ከመብሳትሽ በፊት አንገቱን በቦታው አስቀምጪና ከሁለቱ ዳር መቃኛዎች እስከ ብሪጁ ክር ወጥሪ። ክሮቹ በሁለቱም በኩል ከአንገቱ ጠርዝ እኩል ርቀው መሄዳቸውን በዓይንሽ ተከተዪ። ከዚያ ከላይኛው ጫፍ፣ ክሮቹ ከሚያርፉበት፣ እስከ 12ኛው ፍሬት ለኪ። 324 ሚሊሜትር ከመጣልሽ እጥፉ 648 ነው፤ ክሩ ብሪጁ ላይ ማረፍ ያለበት እዚያ ነው። ወፍራሙ ክር ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ኋላ ስለሚፈልግ መሄጃ ተዪለት። ይህን ሳትጨርሺ እርሳስ እንኳ እንዳትነኪ።

ለብሎኖቹ በቀጭን ፑንታ መንገድ ክፈቺላቸው፣ ጥርሳቸውንም ሻማ ቀቢው። የአንገቱ እንጨት ብዙውን ጊዜ ሜፕል ነው፣ ጠንካራ ነው። ደረቅ ብሎን በግድ ስታዞሪበት ራሱ ይቀነጠስና ግማሹ ውስጥ ይቀራል፤ እሱን ማውጣት ከጠቅላላው ሥራ ይከብዳል።

የሽቦው ነገር ከሚያስፈራሽ ይቀላል። ነጠላ ጥቅል ላለው ፒካፕ 250 ኪሎ ኦም፣ ለሃምበከር 500 ኪሎ ኦም ቮሊዩም ያዢ። ከብሪጁ ሥር ወደ ቮሊዩሙ ጀርባ የሚሄደውን የግራውንድ ሽቦ ግን አደራ፤ እሱ ከተረሳ ጊታሩ ሲያጉረመርም ነው የሚውለው።

ብሩ ካልበቃሽ ርካሽ ፒካፕ ግጠሚ። በሚቀጥለው ዓመት በአንድ ከሰዓት ነቅለሽ ትቀይሪዋለሽ። ከአሜሪካ ለሚመጣ ሰው አንገት ግዛልኝ ስትዪ ግን የግርጌውን ስፋት፣ ራዲየሱንና የፍሬቱን ቁጥር ጽፈሽ ላኪለት፤ ሻጩ በሚሊሜትር ካልመለሰ አይክፈል።