ስለ ጊዮርጊስ ስም ትርጓሜና አጠራር

ሕፃናት፣ ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ ስመ ክርስትና ይቀበላሉ። ይህ ስም ከሰው መለያ ብቻ አይደለም፤ ልጁ ለማን እንደ ተሰጠ የሚመሰክር ማኅተም ነው። ከእነዚህም ስሞች እጅግ ከተወደዱት አንዱ የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ነው። ገብረ ጊዮርጊስ፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ወለተ ጊዮርጊስ የሚባል ሰው የማያውቅ ማን አለ? የዐድዋም ድል በሰማዕቱ ወርኃዊ በዓል፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑ ፍቅሩን ይልቁን አጸናው።

ለመካነ ሰላምና ለአካባቢው ሰው ግን ስሙ ሌላም ክብር አለው። መጽሐፈ ምስጢርንና መጽሐፈ ሰዓታትን የደረሰው ታላቁ ሊቅ አባ ጊዮርጊስ በዚያው በቦረና ምድር፣ በጋስጫ ገዳም ይታሰባል፤ የዕረፍቱም በዓል ሐምሌ 7 ቀን ነው።

የስሙ ምንጭ የጽርዕ ቋንቋ ነው። «ጌ» ምድር፣ «ኤርጎን» ሥራ ማለት ስለ ሆነ፣ ጊዮርጊስ ማለት ምድርን የሚሠራ፣ አራሽ ማለት ነው። ዐረቦች ጂርጂስ፣ እንግሊዞች ጆርጅ፣ እስፓኞች ሆርሄ ቢሉትም ሥሩ አንድ ነው። በግዕዝም «ገብረ» ሠራ ማለት ነው፤ አገልጋዩን «ገብር»፣ በአማርኛም አራሹን «ገበሬ» ያሰኘው ይህ ግስ ነው። ስለዚህ በደጋው ገብስና ስንዴ የሚዘራ አባት ልጁን ገብረ ጊዮርጊስ ቢለው፣ የገዛ ሥራውን ሳያውቅ በሁለት ቋንቋ ባርኮታል።

አሁን ወደ አጠራሩ እንመለስ። አንደኛ፣ በየመንደሩ «ጎርጊስ» የሚል አለ፤ ይህ በፍጥነት የመጣ ነው፤ የተስተካከለው ንባብ ግን ጊዮርጊስ ነው። ጎርጎርዮስም ሌላ ስም ነው፤ ትርጓሜው ንቁ፣ ትጉህ ማለት ስለ ሆነ ከዚህ ጋር አይደባለቅም።

ሁለተኛ፣ በግዕዝ ሁለት ስም ሲናበብ የፊተኛው ስም ሳድስ ወደ ግዕዝ ይለወጣል፤ ገብር ገብረ፣ ወልድ ወልደ፣ ወለት ወለተ ይሆናል። «ገብረ ጊዮርጊስ» ማለት የጊዮርጊስ አገልጋይ ነው፤ «ገብር ጊዮርጊስ» ቢባል ግን ጊዮርጊስ አገልጋይ ነው ወደ ማለት ይሄዳል። በአንዲት ድምፅ ለውጥ ምስጢሩ ይፋለሳል።

ሦስተኛውና የሚበልጠው ስሙን መቍረጥ ነው። ገብሬ፣ ወልዴ፣ ኃይሌ፣ ወለቴ ይባላል፤ በጽሕፈትም «ገ/ጊዮርጊስ» ተብሎ በጭረት ይከፈላል። የመካነ ሰላም ሰው የከተማውን ስም ያስተውል። መካነ ሰላም የሰላም ቦታ ማለት ነው። ሰላምን ቈርጠን «መካን» ብቻ ብንል፣ በግዕዝ የምን ቦታ እንደ ሆነ አይታወቅም፤ በአማርኛ ሰሚ ጆሮ ደግሞ የማይወልድ ማለት ይሆናል። እንዲሁም «ገብሬ» የሚለው የማን አገልጋይ ነው? የማርያም ነውን? የሚካኤል ነውን? የመድኅን ነውን? ባለቤቱ ጠፍቶ አገልጋዩ ብቻ ቀርቷል።

እናት ልጇን በፍቅር ገብሬ ብትለው አንነቅፍም፤ የፍቅር ቃል ነውና። የምንፈራው ሙሉው ስም ከቤቱ እስኪጠፋ ድረስ መረሳቱን ነው። በቍርባን ጊዜ ካህኑ ስመ ክርስትናውን ሲጠይቅ ዝም የሚል ወጣት ጥቂት አይደለም። ከዚያም የሚብሰው በፍትሐት ቀን ነው፤ ሬሳው ተገንዞ ካህናቱ ስሙን ሲጠይቁ፣ ልጆችና ጎረቤት እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። የሚያውቁት እናቱና የክርስትና አባቱ ነበሩ፤ እነርሱም ቀድመው ዐርፈዋል።

ቸር ጠባቂ በጎቹን በየስማቸው እንደሚጠራ ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 አስተምሯል። ካህኑ ዘካርያስም አንደበቱ ተይዞ ሳለ የልጁን ስም በሰሌዳ ጽፎ አስታውቋል። እኛም እንደ እርሱ እንጻፍ። ልጅ ሲጠመቅ ሙሉ ስሙን፣ የተጠመቀበትን ቀንና ዓመተ ምሕረት፣ የክርስትና አባቱንም ስም በቤታችን ባለው መዝሙረ ዳዊት ሽፋን ውስጥ እንጻፍ። ልጁም አፉን ሲፈታ ስመ ክርስትናውን ሳይቈርጥ፣ ገብረን ከጊዮርጊስ ሳይነጥል እንዲናገር እናስተምረው።