ጎርፉን ጠልፈን እንጠቀም

የቆቦና የራያ ቆላ ሜዳ ሰፊና ለም ነው። አፈሩ በየዘመኑ ከምዕራቡ ደጋ በጎርፍ ተጠርጎ የመጣ ደለል ነው። ሆርማትና ጎሊና በዚህ ሜዳ ላይ ይወርዳሉ። የጎደለው መሬት አይደለም። የጎደለው በወቅቱ የሚገኝ ውሃ ነው።

ዝናቡ ምን ሆነ?

ገበሬው በልግ ሲጥል በሚያዝያ ደጋሌት ማሽላ ይዘራል። ደጋሌት ምርቱ ጥሩ ነው፤ አገዳውም ለከብት ይተርፋል። ለመድረስ ግን ብዙ ወራት ይፈጃል። በልግ ከቀረ ወይም ክረምት ቶሎ ከወጣ ፍሬ ሳይዝ ይደርቃል።

በልግ የሚቀርበት ዓመት ዱሮም ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር ተጨምሯል። የዓለም አየር እየሞቀ ነው። ነዳጅና የድንጋይ ከሰል ሲቃጠል፣ ደንም ሲመነጠር የሚወጣው ጋዝ አየር ላይ ይጠራቀማል። ይህ ጋዝ ምድርን እንደ ጋቢ ይሸፍናታል። ጋቢው ሲወፍር ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ጋዙን አብዝተው ያወጡት ብዙ ፋብሪካና መኪና ያላቸው አገሮች ናቸው። የኢትዮጵያ ገበሬ ድርሻ በጣም ጥቂት ነው። ጉዳቱ ግን ቀድሞ የሚገባው ከእርሱ ማሳ ነው። ሙቀት ሲጨምር አፈሩ ቶሎ ይደርቃል፤ ዝናቡም አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል።

ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም

ድርቅ የዝናብ መጥፋት ነው። ረሃብ ግን የሚመጣው ድርቁ ሰውን ሳይዘጋጅ ሲያገኘው ነው። በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ደብቆ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በድርቁ ላይ ጦርነት ተጨመረበት። ከቆቦ በስተሰሜን ያለችው ቆረም የዚያን ጊዜ ምስክር ናት። በ2008 ዓ.ም. እንደገና ከባድ ድርቅ መጣ። ድርቁን መከልከል አንችልም። እንዳይጎዳን መዘጋጀት ግን እንችላለን።

ምን እናድርግ?

1. ጠለፋውን በኅብረት እንሥራ። የራያ ገበሬ ጎርፍ መጥለፍን ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ በደረቁ ወንዝ እየጮኸ ይመጣል። በድንጋይ፣ በአፈርና በቅርንጫፍ የተሠራው ክትር ጎርፉን ወደ ቦይ ይመራዋል። ቦዩም ወደ ማሳ ያደርሰዋል። ጎርፉ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ለም አፈርም ይዞ ይመጣል። ነገር ግን ኃይለኛ ጎርፍ ክትሩን ይንደዋል። ሊጠግን ያልወጣ ጎረቤት ካለ ሁሉም ይጎዳል። ለክትሩ ሲባል በየዓመቱ ግራር መቁረጥም ጎርፉን ያብሰዋል። ስለዚህ በተቻለ መጠን ድንጋይ እንጠቀም።

2. ውሃውን በፍትሕ እንካፈል። ላይኛው ገበሬ ማሳውን ሦስት ጊዜ አጠጥቶ ታችኛው አንዴም ሳያገኝ ቢቀር ጠብ ይነሣል። ጎርፍ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ለመከራከር ጊዜ የለም። ተራው አስቀድሞ ይነገር፤ የውሃ አባትም ይመረጥ። የባሏ የሞተባት ሴትና ጉልበት የሌለው ሽማግሌም ተራቸው ይጠበቅላቸው።

3. ዝናቡን በማሳው ውስጥ እናስቀረው። ማሽላው ከፍ ሲል በሽልሻሎ እንረስ። አረም ይጠፋል፤ ትልሙም ውሃ ይይዛል። ትልሙን በየመካከሉ በአፈር ብናስረው ውሃው አይሮጥም። በቆቦ የተደረጉ ሙከራዎችም ይህን አሳይተዋል። ውሃ የሚተኛበት መሬት ከሆነ ግን እስሩ ይከፈት፤ አለዚያ ማሽላው ይበሰብሳል።

4. ዘሩን እንደ ዝናቡ እንምረጥ። በልግ ከቀረ ደጋሌትን ብቻ መጠበቅ አይበጅም። ተሻለና ግራና 1 ቶሎ የሚደርሱ ማሽላዎች ናቸው። ጤፍም ዘግይቶ ይዘራል። ደጋሌትን ግን እርግፍ አድርገን አንተወው። ዘሩን በጎተራ እናቆየው፤ ጥሩ ዓመት ይመጣል።

5. ተራራውን እናልብሰው። የተራቆተ ተራራ ውሃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቃል። እርከን እንሥራ፣ ዛፍ እንትከል፣ የተጎዳውንም ቦታ ከከብት እንከልል። ሣሩን አጭደን ለከብቱ እናምጣለት። የተሠራው እርከን በየዓመቱ ካልተጠገነ ድካማችን ከንቱ ነው። የጉድጓድ ውሃም የዝናብ ልጅ ነው፤ ተራራው ሲለብስ ውሃው ወደ ምድር ይሰርጋል።

6. ማገዶ እንቆጥብ። በሦስት ጉልቻ እንጀራ ሲጋገር አብዛኛው ሙቀት በከንቱ ይሄዳል። «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ግራሩ ይተርፋል፤ የእናቶችም ዓይንና ደረት ከጭስ ያርፋል። ኩበቱ ከመቃጠል ተርፎ ለማሳው ፍግ ይሆናል።

ከእነዚህ አንዳንዱን አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊያደርገው ይችላል። ምድጃውና ሽልሻሎው እንዲህ ናቸው። ጠለፋውና ተራራው ግን ያለ ጎረቤት አይሆኑም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ጎርፉም የሚታሰረው በኅብረት ነው።

የቃላት ፍች

ደለል፦ ጎርፍ ይዞት የሚመጣ አፈር።
ክትር፦ ውሃን ለማገድ ወይም ለመምራት የሚሠራ ግድብ።
መራቆት፦ ልብስ ማጣት፤ ለመሬት ሲሆን ዛፍና ሣር ማጣት።

ጥያቄዎች

1. ድርቅና ረሃብ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. ትልም ማሰር ምን ይጠቅማል? እስሩ መከፈት ያለበትስ መቼ ነው?
3. በቀበሌያችሁ የጎርፍ ውሃ ተራ እንዴት ይወሰናል? የሚበደል ሰው አለን? ተወያዩበት።