ኳሱን ተዉት፣ ተጫዋቹን ቅረጹ

ነብሮቹ፣ ማለትም ሀዲያ ሆሳዕናዎች፣ ሜዳ ሲገቡ የሁሉም ዓይን ኳሷን ይከተላል፤ ካሜራውም እንደዚያው። ስለ ስፖርት የጥበብ ፊልም ለመሥራት የተነሳ የሆሳዕና ወይም የዱራሜ ወጣት ግን መጀመሪያ መተው ያለበት ኳሷን ነው።

1. ሁለት ፊልሞች እዩ። ኮን ኢቺካዋ በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ፊልም አበበ ቢቂላን በዝግታ፣ ፊቱና እርምጃው ላይ አተኩሮ ይከተለዋል። ዳግላስ ጎርደንና ፊሊፕ ፓሬኖ ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. ሪያል ማድሪድ ከቪያሪያል ሲጫወት 17 ካሜራዎችን ዚዳን ላይ ብቻ አነጣጠሩ። ዚዳን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በቀይ ካርድ ይወጣል፤ ፊልሙም እዚያው ያበቃል።

2. ሐሳቡን ያዙ። ሁለቱም ፊልሞች አካልን እንዲህ ነጥለው ሲያዩ የሚነኩት የሞደርኒዝምን፣ ማለትም የዘመናዊነት ጥበብን፣ ሕልም ነው፦ ጌጥ የሌለው መስመር፣ ድግግሞሽ፣ እንደ ማሽን የማይስት አካል። አበበ ሮም ላይ ማራቶን ባሸነፈበት ዘመን ነው አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው፤ አገሪቱ በእግርም በሲሚንቶም ያንኑ ሕልም ታልም ነበር። የእናንተ ሥራ ሕልሙ የት ላይ እንደሚሰነጠቅ ማሳየት ነው፦ ጭቃው፣ የባሕር ዛፉ የጎል ቋሚ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚቆራረጠው ትንፋሽ።

3. አንድ ሰው፣ አንድ እንቅስቃሴ ምረጡ። እኔ በረኛ እመርጣለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ይጠብቃል፣ መጠበቅ ደግሞ በቴሌቪዥን አይታይም። የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ የሥርጭት መብት ስላለበት የሰፈር ግጥሚያ ይሻላል። ፈቃድ ጠይቁ፤ ልጅ ከሆነ ወላጆቹንም።

4. የምትቀርጹበትን ስልክ በማቆሚያ ላይ አግድም አቁሙ። የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት፤ በመሐል የሚደወል ስልክ ስንቱን ቀረጻ አበላሽቷል! ስክሪኑን ጫን አድርጋችሁ ብርሃንና ትኩረቱን ቆልፉ፣ ዙም አትንኩ። በሰከንድ 60 ፍሬም ቀርጻችሁ በ30 ብታሳዩት ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ጥላው ረጅም ነው፤ ቀትር ላይ እግር ሥር ይገባል።

5. ድምፁን በሌላ ስልክ ከመስመሩ ዳር ቅዱ። ሙዚቃ አትጨምሩ፣ የተንታኝ ድምፅም እንዲሁ።

6. ስታቀናብሩ የበረኛውን አንድ ዝላይ ደጋግማችሁ ቀጥሉት፣ ኳስ ጨዋታ መሆኑ እስኪረሳ ድረስ። ጎሎቹን ሁሉ ቁረጡ። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ለበረኛው ቀድማችሁ አሳዩት። ከዚያ ተመልካች ሰብስቡ፤ «ጎሉስ?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ ውጤቱን በቃል ንገሩት።